መልቲ ዶሜይን ሲሙሌሽን ምንድን ነው? ተራ በተራ ማስላት ግን አይደለም

«ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ይሠራል፣ ሲጨርስ ለሜካኒካሉ ያቀብላል፣ ሙቀቱን መጨረሻ ላይ ያሰላል።» ሰሞኑን አንድ ሰው መልቲ ዶሜይን ሲሙሌሽንን፣ ማለትም የአንድን ማሽን ኤሌክትሪክ፣ ሜካኒካልና ሙቀት በአንድ የኮምፒውተር ሞዴል ማስላትን፣ እንዲህ ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁ። ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ።

እስቲ ተራ የዲሲ ሞተር እንውሰድ። ከረንቱ ቶርክ (የማዞር ኃይል) ይፈጥራል። ሞተሩ ሲዞር ደግሞ የራሱን ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ያ ቮልቴጅ መልሶ ከረንቱን ይቀንሳል። ሽቦው ይግላል። የመዳብ ሬዚስታንስ በየዲግሪ ሴልሺየሱ 0.4% ገደማ ስለሚጨምር 100 ዲግሪ ሲግል ከረንቱ ሌላ ሆኗል። ታዲያ «መጀመሪያ» የሚሰላው የቱ ነው?

ገመድ ጉተታን አስቡ። ማን ለማን ነው ጉልበት የሚልከው? ቋጠሮው ላይ የሁለቱም ወገን ፍጥነት አንድ ነው፤ የጉልበቶቹ ድምር ዜሮ ነው። በሞዴሉ ላይ ክፍሎችን የሚያገናኘው መስመርም ቋጠሮ ነው፣ ቀስት አይደለም። በኤሌክትሪክ ቮልቴጁ እኩል፣ የከረንቱ ድምር ዜሮ። በሙቀትም ቴምፕሬቸሩ እኩል፣ የሚፈሰው ሙቀት ድምር ዜሮ። ሶፍትዌሩ እነዚህን እኩልታዎች ሁሉ ሰብስቦ ያደራጃል፤ ሶልቨሩ (እኩልታ የሚፈታው የሶፍትዌሩ ክፍል) በእያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ አንድ ላይ ይፈታቸዋል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የዚያኑ ሞተር ዘንግ በሌላ ኃይል አዙሩት። አንድ መስመር ሳትቀይሩ ጄኔሬተር ይሆንላችኋል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴሊካ የተባለው የሞዴል መሥሪያ ቋንቋ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

እርግጥ ኮ-ሲሙሌሽን የሚባል ነገር አለ። እዚያ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሶልቨር አለው፤ ውጤት የሚለዋወጡት በየተወሰነ ጊዜ ነው። ገመድ ጎታቾቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በየሰከንዱ አንዴ ብቻ ገለጥ እንደሚያደርጉ ቁጠሩት። ልውውጡ ከዘገየ ግራፉ ላይ እውነተኛው ሞተር የማያውቀው መንቀጥቀጥ ይመጣል። አልንቀውም፤ ሞዴሎቹ ከተለያዩ ሶፍትዌሮች ሲመጡ ብዙ ጊዜ ሌላ መውጫ የለም።

አንድ ላይ መፍታትም ጣጣ አለው። ከረንቱ በሚሊሰከንዶች፣ ሙቀቱ በደቂቃዎች ይለወጣል። ተራ ሶልቨር ሙቀቱን ለማየት ደቂቃውን ሁሉ በከረንቱ እርምጃ ሲድህ ይውላል። ለእንዲህ ዓይነቱ የተሠራ ሶልቨር ምረጡ። ከዚያ ቶለራንሱን (ሶልቨሩ የሚፈቅደውን የስህተት መጠን) ጠበቅ አድርጋችሁ ድጋሚ አሂዱት። ግራፉ ከተለወጠ የመጀመሪያውን ለማንም አታሳዩ።