ከደብረ ብርሃን እስከ ባሕር ዳር በአየር ስንት ነው?

ደብረ ብርሃን የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና ከተማ፣ ባሕር ዳር ደግሞ የአማራ ክልል መቀመጫ ናት። አሞራ ሆኖ ቢበሩት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 315 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ግን እንደ አሞራ አይሄድም። ተጓዡ ለባሕር ዳር ጀርባውን ሰጥቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ በጎሐ ጽዮንና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ድምሩ 700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

የአየሩን ርቀት በእርሳስና በወረቀት ማውጣት ይቻላል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ባሕር ዳር ከደብረ ብርሃን ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ ከሁለት ዲግሪ ጥቂት በለጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ትርቃለች። የቀረው የትምህርት ቤት ሂሳብ ነው።

መንገዱን እጥፍ ያደረገው ገደል ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን እንደ ቀለበት ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ከሸዋ በኩል ጀማ ወንዝና ገባሩ ወንጪት ደጋውን እየሰነጠቁ ይገቡበታል፤ መርሐቤቴን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፣ ማዶ ያለው ቀዬ ይታያል እንጂ አይደረስበትም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የአየር ርቀት 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጠመዝማዛው አስፋልት ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶና መልሶ ወጥቶ 40 ያህል ያደርገዋል። ከታች በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው 303 ሜትር ድልድይ አለ።

ደብረ ብርሃን መደበኛ የመንገደኛ በረራ ስለሌላት የሚበር ሰው ቦሌ መውረዱ አይቀርም። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይጻፋል። በአየር ላይ የሚቆየው ከዚያም ያንሳል፤ ቀሪው መሬት ላይ ለመንደርደሪያ ነው።

የሚያደክመው ምድር ላይ ያለው ነው። በጫጫ፣ በሸኖና በሰንዳፋ አልፎ ላምበረት መናኸሪያ ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከላምበረት ቦሌ እንደ መንገዱ መጨናነቅ ነው። ለፍተሻ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ ባሕር ዳር ሲደርሱም ሻንጣና ባጃጅ አለ። ሲደመር ሰባት ሰዓት ይሆናል፤ አውሮፕላኑ የወሰደው አንዱን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከአውቶቡሱ ይሻላል፤ አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ብቻ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ በክልሉ ያለው ግጭት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተባባሰ ወዲህ ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

ወደ ኮምቦልቻ ሲሆን ስሌቱ ይገለበጣል። እዚያም አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ግን 250 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ብሎ ወደ ቦሌ የሚመለስ ደብረ ብርሃኔ አይገኝም። ጋቢውን ደርቦ ይሳፈራል፤ ጣሊያን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ያወልቀዋል።