ስለ ሚርል ላደርማን ዩክሊስ እና ስለ «ጥገና ጥበብ» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካዊቷ አርቲስት ሚርል ላደርማን ዩክሊስ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የኒው ዮርክ ከተማ የጽዳት መምሪያ ነዋሪ አርቲስት፣ ማለትም በተቋሙ ውስጥ ሆነው ጥበባቸውን የሚሠሩ አርቲስት ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስማቸው ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የከተማዋን የጽዳት ሠራተኞች እየዞሩ አንድ በአንድ መጨበጣቸው። ታሪኩ አጭርና ለወሬ የሚመች በመሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ ዛሬ ልበ ቀና ሴት ያደረጉት የደግነት ተግባር መስሎ ይሰማል። ሥራቸው ግን ከደግነት ይልቅ ለሙግት ይቀርባል። የሚሟገቱትም ማኅበረሰብን አቁሞ የሚያኖረው ሥራ ለምን ከሥራ ሁሉ የበታች ተደርጎ ይታያል፣ የበታች ነው ብሎ የወሰነውስ ማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

«ጽንሰ-ሐሳባዊ ጥበብ ሐሳብ ብቻ ስለሆነ ድካም የለበትም»

ይህ አመለካከት ከምንም የተነሣ አይደለም። ከዘርፉ ዋና ዋና ሰዎች አንዱ የሆነው ሶል ለዊት በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በጽንሰ-ሐሳባዊ ጥበብ ውስጥ የሥራው ዋና ክፍል ሐሳቡ እንደሆነ፣ ዕቅዱ አስቀድሞ ካለቀ በኋላ የሚቀረው አፈጻጸም ግን እምብዛም ክብደት የማይሰጠው እንደሆነ አስረድቷል። የዩክሊስ ልዩነት የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ሌሎች ተራ ብለው ያለፉት አፈጻጸም፣ ማለትም በየቀኑ የሚደጋገመው፣ ተጠናቀቀ የማይባለውና ማንም ልብ የማይለው ሥራ፣ ለእሳቸው የሐሳቡ ዋና ጉዳይ ሆነ።

«ተች ሳኒቴሽን» (ጽዳትን መንካት) የተሰኘውና ከጁላይ 1979 እስከ ጁን 1980 የዘለቀው ሥራቸው ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ እያንዳንዱን የጽዳት ሠራተኛ ፊት ለፊት አግኝቶ መጨበጥና «ኒው ዮርክ ከተማን በሕይወት ስላቆዩ አመሰግናለሁ» ማለት። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመፈጸም ግን ወደ አሥራ አንድ ወር የሚጠጋ ጊዜ፣ 59 የከተማ ወረዳዎችን ማዳረስ፣ በማለዳ የስም ጥሪ ላይ መገኘት፣ ከሠራተኞቹ ጋር ሙሉ ፈረቃ መዋልና 8,500 ያህል እጆችን መጨበጥ ጠይቋል። ጥቂት መቶዎችን በናሙናነት መርጦ ማቆም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በናሙና የቀረ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ ራሱ በፈረሰ ነበር። ምክንያቱም ሥራው የሚለው ሁሉም ሰው እኩል ይቆጠራል ነው፤ መጨረሻ ላይ የተጨበጠው ሰው ከመጀመሪያው ያነሰ ትኩረት ካገኘ የተባለው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ሐሳብና ድካም እንዲህ በተጣበቁበት ሥራ ላይ «ሐሳብ ብቻ» የሚለው አነጋገር አይሠራም።

«ማኒፌስቶው የአንዲት የቤት እመቤት ምሬት ነው»

ዩክሊስ በ1968 የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለዱ። በቀጣዩ ዓመት በኦክቶበር ወር፣ ፊላደልፊያ ውስጥ እያሉ፣ «የጥገና ጥበብ ማኒፌስቶ 1969!» የተባለውን የአራት ገጽ ጽሑፍ በታይፕ ጻፉ። ጥገና ያሉት የተሰበረ ነገር መጠገንን ብቻ አልነበረም፤ ማጠብ፣ መጥረግ፣ ማብሰል፣ ዳይፐር መለወጥ፣ በጠቅላላው ያለው ነገር እንዳይበላሽ ጠብቆ የሚያቆየውን ሥራ ሁሉ ያካትታል። በጽሑፉ ውስጥ ቁጣ መኖሩ አይካድም። ጥገና አሰልቺ እንደሆነ፣ ጊዜን ሁሉ እንደሚበላ፣ ማኅበረሰቡም ለእንዲህ ያለው ሥራ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ለቤት እመቤቶች ደግሞ ጭራሽ ምንም እንደማይከፍል በግልጽ ተጽፏል።

ይሁን እንጂ ጽሑፉ ምሬት ብቻ ነው የሚል ሰው ሁለተኛውን ክፍል ሳያነብ የተወው ይመስለኛል። ዩክሊስ በቅድሚያ የሰውን ሥራ በሁለት ይከፍሉታል፤ አንደኛው አዲስ ነገር መፍጠርና ወደ ፊት መገስገስ፣ ሁለተኛው የተፈጠረውን ከአቧራ ጠብቆ ማኖር ነው። ከዚያም ከአብዮቱ በኋላ ሰኞ ጠዋት ቆሻሻውን የሚያነሣው ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የተጣለው በዘመኑ ስለ ለውጥ ሲናገሩ በነበሩት ላይ ነው፤ ሥርዓትን እንገለብጣለን የሚሉትም ቢሆኑ ወጥ ቤቱንና የቆሻሻ ገንዳውን ለሌላ ሰው ትተው እንደሚናገሩ ያሳብቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ሦስት ክፍሎች ያሉት የዐውደ ርእይ ዕቅድ ነው። በመጀመሪያው ክፍል አርቲስቷ ከባለቤታቸውና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ሙዚየም ውስጥ እየኖሩ የቤት ሥራቸውን ጥበብ አድርገው ያከናውናሉ፤ በሁለተኛው ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ ሰዎች ስለ ጥገና ሥራ ምን እንደሚሰማቸው ይጠየቃሉ፤ በሦስተኛው ደግሞ የከተማዋ ቆሻሻ፣ የተበከለ አየርና የሃድሰን ወንዝ ውኃ በየቀኑ ወደ ሙዚየሙ እየመጣ እንዲጣራ ይደረጋል። ዕቅዱ እንደታሰበው አልተካሄደም። ያም ሆኖ ከአንድ ቤት ተነሥቶ ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ምድር የሚሄድ ጽሑፍ፣ ያውም ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚታሰብበት የመጀመሪያው የመሬት ቀን ከመከበሩ በፊት የተጻፈ፣ የግል ምሬት ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

«ሙዚየም ማጠባቸው ራስን ማዋረድ ነበር»

በጁላይ 1973 ዩክሊስ በኮነቲከት ግዛት ሃርትፎርድ ከተማ በሚገኘው ዋድስዎርዝ አቴኒየም ሙዚየም ለሰዓታት ተንበርክከው የውጭውን ደረጃና የውስጡን ወለል አጠቡ። ፎቶግራፉን ብቻ ያየ ሰው አንዲት ሴት ለትልቅ ተቋም ስትንበረከክ ያያል፤ ለዚህም ነው ሥራው ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚነበበው። በዚያው ሙዚየም ካቀረቧቸው ክዋኔዎች (አርቲስቱ በአካል ተገኝቶ የሚፈጽማቸው የጥበብ ሥራዎች) መካከል እምብዛም የማይነገርለት ሌላኛው ግን ፍላጎታቸው ምን እንደነበር በሚገባ ያሳያል።

በሙዚየሙ የጥንት ግብፅ ማሚ (እንዳይበሰብስ ተደርጎ የተጠበቀ አስከሬን) የተቀመጠበት የመስታወት ሣጥን ነበር። መስታወቱን በተለመደው አሠራር የሚያጸዳው የጽዳት ሠራተኛው ነው፤ ይህም ተራ ጽዳት ይባላል። ዩክሊስ ራሳቸው አጸዱትና ወጥ (ኦሪጅናል) የጥገና ጥበብ ሥራ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም አደረጉበት። ከዚህ በኋላ የተጸዳው መስታወት የጥበብ ሥራ ስለሆነ የጽዳት ሠራተኛው ሊነካው አይፈቀድለትም፤ የሚያጸዳው የቅርስ እንክብካቤ ባለሙያው ብቻ ነው። ጨርቁ ያው ነው፣ መስታወቱም ያው ነው፣ የእጁ እንቅስቃሴም አልተለወጠም። የተለወጠው የሠሪው መጠሪያ ሲሆን ከመጠሪያው ጋር ደመወዙ፣ ክብሩና የመንካት ሥልጣኑ አብረው ይለወጣሉ። አንድ ተቋም ሰዎችን በማዕረግ የሚደረድርበትን ስልት በዚህ መጠን አጥርቶ ያሳየ ሥራ ብዙ አላውቅም፤ ከእጅ መጨበጡ ይልቅ ቢነገርለት የምመርጠውም ይህንን ነው።

«ከተማ አስተዳደሩ ለገጽታ ግንባታ ቀጥሯቸው ነው»

የነገሩ አመጣጥ ከዚህ ይለያል። በ1976 ዩክሊስ በማንሃተን ዋተር ስትሪት 55 ቁጥር በሚገኝ ግዙፍ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ለሚሠሩ 300 የጥገናና የጽዳት ሠራተኞች አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ በየቀኑ ከሥራቸው አንዱን ሰዓት እንደ ጥበብ እንዲቆጥሩት። ከዚያም በፖላሮይድ ካሜራ ፎቶ እያነሷቸው፣ በዚያች ቅጽበት ይሠሩ የነበረው ሥራ ነው ወይስ ጥበብ የሚለውን ውሳኔ ለሠራተኞቹ ለራሳቸው ተዉት። አንድ ጋዜጣ ላይ የጻፈ ሐያሲ ስለዚህ ሥራ ሲያትት፣ የጽዳት መምሪያውም ሥራውን ጥበብ ብሎ ቢጠራው የጥበብ ድጎማ ሊያገኝ ይችላል ብሎ በቀልድ ጣል አደረገ። ወቅቱ ከተማዋ ከ1975 ጀምሮ በገጠማት የገንዘብ ቀውስ በጀቷን የምትቆርጥበት ጊዜ ስለነበረ ቀልዱ የሚነካ ቦታ ነበረው። ዩክሊስ ጽሑፉን ለመምሪያው ላኩት፤ ከዚያ የመጣው ምላሽም ከአሥር ሺህ ሰዎች ጋር ጥበብ መሥራት ይፈልጉ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር።

መምሪያው ቢሮ ሰጣቸው፤ ደመወዝ ግን አልከፈላቸውም። የነዋሪ አርቲስትነቱ ቦታ ያለ ክፍያ ነው የተያዘው። በእኔ አመለካከት የገጽታ ግንባታው ጥርጣሬ ትኩረት ማድረግ የነበረበት እዚህ ላይ ነበር። የጥገና ሥራ ሳይከፈልበት ይቀራል ብለው ማኒፌስቶ የጻፉ ሴት ለአሥርት ዓመታት ያለ ደመወዝ መሥራታቸው እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ነጻነታቸውን እንደጠበቀላቸው መከራከር ይቻላል፤ ከደመወዝ መዝገብ ላይ የሌለን ሰው አለቃ በቀላሉ አያዘውም። ከተማዋ ያን ሁሉ ሥራ በነጻ ማግኘቷም ግን እውነት ነው፤ ሁለቱንም ሳይሸፋፍኑ መናገር ተገቢ ይመስለኛል።

«እጅ መጨበጡ የምስጋና ምልክት ብቻ ነበር»

ምስጋና የሚታየው ክፍል ነው። ሌላው ክፍል ማዳመጥ ነበር። ዩክሊስ ሠራተኞቹን ከኋላ እየተከተሉ የማንሣትና የመወርወር እንቅስቃሴያቸውን በገዛ አካላቸው ይደግሙ ነበር፤ በየዕረፍቱም ሰዎች ምን ብለው እንደሚሰድቧቸው ጠየቋቸው። ከተነገራቸው ውስጥ አንዱ እንዲህ ነው፦ አንድ ሠራተኛና የሥራ ባልደረቦቹ በጣም ሞቃት በሆነ ቀን የአንዲትን ሴት ቆሻሻ አንሥተው ከጨረሱ በኋላ በደጃፏ ደረጃ ላይ ለማረፍ ቁጭ አሉ። ሴትየዋ መስኮት ከፍታ፣ ሽታችሁን ይዛችሁ ከደረጃዬ ተነሡ ብላ አባረረቻቸው። ሠራተኛው ነገሩን ለዩክሊስ ሲነግራቸው አሥራ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ጉሮሮው ላይ እንደቀረ አልሸሸጋቸውም።

በ1984 ዩክሊስ እነዚህን የስድብ ስሞች በኒው ዮርክ በሚገኝ የጥበብ ጋለሪ መስታወት ላይ ጽፈው፣ ከከተማዋ የተለያየ የኑሮ ደረጃ የመጡ ሰዎች እንዲያጥቧቸው ጋበዙ። ሥራውን ልብ ይሏል፤ ስድቡን የሚያጸዱት ተሳዳቢ የነበረው ሕዝብ ወኪሎች እንጂ የጽዳት ሠራተኞቹ አልነበሩም።

«የፍትሕ ጥበብ ከሆነ መፈክርና ተቃውሞ ሊኖረው ይገባል»

በፌብሩዋሪ 1968 በአሜሪካዋ የሜምፊስ ከተማ ሁለት ጥቁር የጽዳት ሠራተኞች በቆሻሻ መኪና መጭመቂያ ተይዘው ከሞቱ በኋላ በተነሣው የሥራ ማቆም አድማ ሠራተኞቹ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ ያዙ። በዚያው ወር የኒው ዮርክ የጽዳት ሠራተኞችም አድማ መትተው ከተማዋ በቆሻሻ ክምር ተጥለቅልቃ ነበር። እነዚህን የመሰሉ መፈክሮች ቦታቸው የታወቀ ነው፤ የሚናገሩትም ባለ ጉዳዮቹ ራሳቸው ናቸው። አርቲስት በእነሱ ቦታ መፈክሩን ቢያነሣ የሰውን ድምፅ መውሰድ ሊሆን ይችላል። ዩክሊስ ሌላ መንገድ ያዙ። በ1983 አንድ የቆሻሻ መኪና ጎንና ጎኑን በመስታወት አልብሰው «ማኅበራዊው መስታወት» ብለው ሰየሙት። መኪናው ሲያልፍ በእግረኛ መንገድ የቆመው ሰው ቆሻሻ ጫኝ መኪና ላይ የሚያየው የገዛ ፊቱን ነው። በዚያው ዓመት ስድስት የመንገድ መጥረጊያ መኪኖች በሾፌሮቻቸው እየተነዱ በማዲሰን አቬኑ ላይ የተቀናበረ ውዝዋዜ አሳይተዋል። በሁለቱም ላይ መፈክር የለም።

«ሴቶችን ትተው ስለ ወንዶች ሠሩ»

በጊዜው በኒው ዮርክ የጽዳት ሠራተኞቹ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሴቶች የተቀጠሩት በ1986 ነው። ይሁን እንጂ ማኒፌስቶው ገና ከጅምሩ የቤት እመቤቷንና ደመወዝተኛውን የጥገና ሠራተኛ በአንድ ረድፍ አስቀምጧል። ክርክሩ የነበረው ሥራው ከሠሪው ጾታ በፊት ይናቃል የሚል ነው፤ ወንድ ቢሠራውም ከንቀቱ አያመልጥም።

«ምንም የለወጠው ነገር የለም»

የደመወዝ ጭማሪና የሥራ ደኅንነት የሚመጣው በሠራተኛ ማኅበር ትግልና በሕግ ነው። አንድ ክዋኔ ይህን አመጣ የሚል ሰው ካለ ያጋንናል፤ ለዩክሊስ ሥራም ይህን ዓይነት ውጤት መመደብ አይገባም። ለውጡን የደግነት መጠን በመለካት መፈለግም እንደዚያው ከንቱ ነው።

የሚጨበጥ ውጤት የሚፈልግ ግን ሌላ ቦታ ሊያገኘው ይችላል። በስታተን ደሴት የሚገኘውና በ1948 የተከፈተው ፍሬሽ ኪልስ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የቆሻሻ መጣያ ነበር። ዩክሊስ በ1989 በከተማዋ የጥበብ መርሐ ግብር የዚያ ቦታ አርቲስት ሆነው ተሰየሙ፤ መጣያው በ2001 ሲዘጋና ሰፊ መናፈሻ እንዲሆን ሲታቀድ ጥያቄያቸው ለዓመታት የዕቅዱ አካል ሆኖ ቆየ። በ2016 ኩዊንስ ሙዚየም ሥራዎቻቸውን ሰብስቦ አቀረበ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2015፣ የከተማዋ የባህል መምሪያ በዩክሊስ አርአያነት ሌሎች አርቲስቶችን በተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚመድብ መርሐ ግብር ጀመረ። በዚህ መርሐ ግብር የሚመደቡት አርቲስቶች ይከፈላቸዋል።