«ምድብ 1» ማለት ምን ማለት ነው?
የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስቤስቶስን (በግንባታ ሰሌዳ ውስጥ የሚገኝ ክር መሰል ማዕድን)፣ ፎርማልዲሃይድን (ኃይለኛ ሽታ ያለው ኬሚካል) እንዲሁም የሲጋራ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጡ ነገሮች በሚመደቡበት «ምድብ 1» ውስጥ አስቀምጧቸዋል። የአልኮል መጠጥም እዚያው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ታዲያ ሁሉም እኩል ይጎዳሉ» ይላል። አይደለም። ምድቡ የሚናገረው ነገሩ ካንሰር እንደሚያመጣ ያለው ማስረጃ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ብቻ ነው። የጉዳቱን ክብደት የሚወስኑት መጠኑ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተጋለጥንና ወደ ሰውነት የገባበት መንገድ ናቸው።

አስቤስቶስ ያለበት ያልተሰበረ ሰሌዳ ካልተነካ ብናኝ እምብዛም አይለቅም። ያው ሰሌዳ በመጋዝ ሲቆረጥ ግን ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ክሮች አየሩን ይሞሉታል፤ ሳንባ ውስጥ ገብተውም ይቀራሉ። በሽታው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። እኔን እጅግ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ ቆራጩ ዛሬ ስላላሳለ ደህና ነኝ ብሎ ያለ መከላከያ ጭምብል ነገም ይቆርጣል።