«ኢ10» ቤንዚን የሞተር ሳይክልን ፍጆታ ምን ያህል ይጨምራል?

«ኢ10» ማለት ከይዘቱ እስከ 10 በመቶው ኢታኖል (የአልኮል ዓይነት) የሆነ ቤንዚን ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ፍጆታውም በ10 በመቶ የሚጨምር ይመስለዋል። አይጨምርም። ኢታኖልም ይቃጠላል፤ የአንድ ሊትር ኢታኖል ጉልበት የአንድ ሊትር ቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። ስለዚህ የድብልቁ ጉድለት 3 በመቶ ገደማ ነው፦ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ወደ 38.7 ይወርዳል። ይህን በአንድ ሙሌት መለየት ዘበት ነው፤ የጎማ አየር ማነስ ብቻውን ሊሸፍነው ይችላል። ታንኩን ሁልጊዜ እስከ አንድ ምልክት ሞልተው፣ የተጓዙትን ኪሎ ሜትር በጨመሩት ሊትር እያካፈሉ ቢያንስ የአራት አምስት ሙሌት አማካይ ይያዙ።

ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ) ያለው ኢንጄክሽን ሞተር፣ ማለትም ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚረጭበት፣ የነዳጁን መጠን ራሱ ያስተካክላል። ነዳጅንና አየርን በቋሚ ልክ የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ማስተካከል አያውቅም። ንጹሕ ቤንዚን ለ1 ኪሎ 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ ኢ10 የሚፈልገው 14.1 ገደማ ነው፤ በዚህ የተነሳ በካርቡሬተር ሞተር ውስጥ አየሩ ትንሽ ይበዛል፣ ጠዋት ማስነሣትም ሊያስቸግር ይችላል።

ዋናው ጣጣ ከፍጆታው ይልቅ ቆሞ የሚከርም ሞተር ላይ ነው። ኢታኖል እርጥበት ይስባል። በሊትር 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ሲገባ ኢታኖሉ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ከቤንዚኑ ይለይና ታንኩ ሥር ይዘቅጣል፤ ሞተሩ የሚስበው ደግሞ ከዚያው ከሥር ነው። የብረት ታንክ ይዝጋል፣ በአሮጌ ሞተሮች ላይ ያሉ የላስቲክ ቱቦዎችም ያብጣሉ። ከወር በላይ የሚያቆሙት ከሆነ የነዳጅ ቧንቧውን ዘግተው፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ቡሎን አላልተው የቀረውን ቤንዚን ያፍስሱ።