ዲሎሪያን ምንድን ናት? ድርጅቱ ሲከስር የተረፈችው መኪና

ዲሎሪያን፣ በሞዴል ስሟ ዲኤምሲ-12፣ የጀነራል ሞተርስ ኃላፊ የነበረው ጆን ዲሎሪያን በሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ዳር ባለችው ደንመሪ ያስመረታት ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 እና 1982 ወደ 9 ሺህ ገደማ ተመርታለች። በሮቿ ወደ ላይ ይከፈታሉ፤ ላሜራዋ ቀለም ያልነካው የማይዝግ ብረት ነው። ስሟ ሲነሳ ግን የሚወራው ኪሳራዋና ዘገምተኛነቷ ነው።

ዘገምተኛ መሆኗ እውነት ነው። ፔጆ፣ ሬኖና ቮልቮ በጋራ ያወጡት 2.85 ሊትር ቪ6 ሞተር በአሜሪካ የጭስ ሕግ የተነሳ 130 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቀረው። በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 10 ሰከንድ ያህል ትፈጃለች። ለ25 ሺህ ዶላር መኪና ይህ ያሳፍራል። ድርጅቱን የጣለው ግን ሌላ ነው፦ የአሜሪካ ገበያ ቀዝቅዞ ሳለ ፋብሪካው ምርት ጨመረ፣ ያልተሸጠው ተከማቸ፣ የብሪታንያ መንግሥትም ተጨማሪ ገንዘብ ከለከለ። ጆን ዲሎሪያን በኮኬይን ክስ የታሰረው ድርጅቱ በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ከገባ ከወራት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ነፃ ተብሏል።

መንገድ አያያዟ ከስሟ ይሻላል። ሻንሲዋን ያበጀው የእንግሊዙ ስፖርት መኪና ሠሪ ሎተስ ነው። ክብደቷ 65 በመቶ ከኋላ ስለሆነ የኋላ ጎማው ስፋት 235፣ የፊቱ 195 ሚሊ ሜትር ተደረገ። አፍንጫዋ ከፍ ብሎ የቀረው የአሜሪካን የከፍታ ደንብ ለማሟላት ነው፤ አጠር ያለ የፊት ሞላ ሲገባላት መልኳም አነዳዷም ይስተካከላል።

ለመግዛት የሚያይ ሰው በሚያብረቀርቀው ላሜራ አይታለል። ሻንሲው ኢፖክሲ የተቀባ ተራ ብረት ነው። ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ውሃ ከሥር ይገባና ዝገቱ ሳይታይ ይበላዋል። መጀመሪያ የሚታየው በሾፌሩ በኩል ከፍሬን ፓምፑ ሥር ያለው ቦታ ነው፤ የሚያንጠባጥብ የፍሬን ዘይት ኢፖክሲውን ይልጠዋል። ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹን የያዙትን እግሮች ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ይፈተሹ። ሲዞሩ ጭንቅላታቸው ከተወዛወዘ ጎብጠዋል፤ በጠንካራ ብረት በተሠሩ መቀየር አለባቸው፣ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

በሩ አልነሳ ካለ ጣሪያው ላይ ያለውን የተጠመዘዘ ብረት ማጥበቅ የተለመደ ስህተት ነው። ያ ብረት በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ የተጠመዘዘ፣ ጉልበት ያመቀ ነገር ነው፤ ያለ ትክክለኛ መሣሪያ ሲነካ እጅ ይሰብራል። ብዙ ጊዜ የደከመው ጋዝ ያለበት ደጋፊ ዘንግ ነው፤ እሱን መቀየር ቀላል ነው።

ጭረት በሻካራ ስፖንጅ ይወጣል፣ የብረቱን መስመር ተከትሎ ብቻ። በክብ ከታሸ ጠባሳው ይቀራል። ስርጉድ ግን ስቱኮና ቀለም ስለማይሸፍኑት ውድ ነው።

“ብዙ አልተነዳችም” የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ዋጋ መጨመሪያ ሳይሆን መቀነሻ መሆን ነበረበት። ዓመታት የቆመ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ የነዳጅ ማከፋፈያውን ያጣብቀዋል፤ ታንከር፣ ፓምፕ፣ ቱቦና ነዳጅ የሚረጩት መርፌዎች አብረው ይታደሳሉ። መለዋወጫው ይገኛል፤ ከፋብሪካው የተረፈው ክምችት ዛሬ ቴክሳስ፣ ሀምብል ከተማ ውስጥ ይሸጣል።