ፑንቲና ምንድን ነው?

አሮጌ ቮልስ ወይም ፊያት 600 የሚነዳ ሰው ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር ከሁለት ችግሮች አንዱ ይገጥመዋል። የመጀመሪያው፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ጭራሽ አይዞርም፣ ወይም እያቃሰተ ይቆማል። ይሄ የባትሪ፣ የገመድ ወይም የራሱ የሞተሪኖው ጣጣ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ወደ ለገሃር ቁልቁል ለቀቅ አድርገው ሁለተኛ ማርሽ ቢያስገቡለት ይነሳል። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው፦ ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። እዚህ ላይ ባትሪ መቀየርም ሆነ የሰፈር ልጆች ጠርቶ ማስገፋት ትርፉ ድካም ነው። ቤንዚን እስካለ ድረስ እኔ መጀመሪያ የማየው ፑንቲናን ነው።

ፑንቲና ዲስትሪቢዩተር (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ሁለት የብረት ጫፎቿ ሲገጥሙ ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት (በቆዩት ቮልሶች 6 ቮልት) በቦቢናው (ቮልቱን ከፍ በሚያደርገው ዕቃ) ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፋል። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ሲዞር ጉብታው እግሯን ይገፋና ጫፎቹን ያለያያል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው፤ እሳቱ የሚመጣው ጫፎቹ ሲገጥሙ ሳይሆን ሲለያዩ ነው። ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲቋረጥ ቦቢናው ውስጥ የነበረው የማግኔት ኃይል ይፈርስና ከ10,000 ቮልት በላይ ሆኖ ወደ ካንዴላው (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳቱን ወደሚፈነጥቀው ዕቃ) ይሄዳል። አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናዋ በሰከንድ 100 ጊዜ ትከፈታለች። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ይህን ዘዴ ለ1910 (እ.ኤ.አ.) ካዲላክ ካበቃው በኋላ ኤሌክትሮኒክስ እስኪተካው ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ የቤንዚን መኪኖችን ሲያስነሳ ኖሯል።

ይህን ያህል የምትሠራ ዕቃ ማለቋ አይቀርም። ጉብታውን የሚነካው እግሯ ሲበላ ክፍተቷ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል። በቮልስ ልኩ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናው ለረጅም ጊዜ ከቆመ ደግሞ ጫፎቹ ስስ ዝገት ይለብሱና ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፤ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ እሳት የለም።

ለማረጋገጥ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንና ሮተሩን (ከክዳኑ ሥር የሚሽከረከረውን ቁራጭ) ያውጡ፤ ሞተሩን በእጅ አዙረው ጫፎቹ እንዲገጥሙ ያድርጉ። ከቦቢናው ወደ ክዳኑ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር አርቀው ያስቀምጡት፤ በእጅ አይያዝም፣ አጠገቡም የቤንዚን ጠብታ መኖር የለበትም። ከዚያ ቁልፉን ከፍተው ጫፎቹን በደረቅ እንጨት ስንጥር ያለያዩ። ሰማያዊ እሳት ጧ ብሎ ከዘለለ ፑንቲናው፣ ቦቢናውና ኮንደንሰሩ (የፑንቲናው ጫፎች ሲለያዩ እዚያው እሳት እንዳይፈነጥቅ የሚከላከለው ዕቃ) ደህና ናቸው፤ ችግሩን ክዳኑ፣ ገመዶቹ ወይም ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ጋ ይፈልጉ። ምንም ከሌለ ጫፎቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠርገው፣ ብናኙን በንጹሕ ወረቀት አውጥተው ይድገሙት። እሳቱ ቦቢናው ገመድ ላይ ቀጭንና ቢጫ ሆኖ ፑንቲናው ላይ ግን ቦግ የሚል ከሆነ የምጠረጥረው ኮንደንሰሩን ነው። ኮንደንሰር የሞተበት መኪና ላይ አዲስ ፑንቲና ቢገጥሙ እሷም ቶሎ ትቃጠላለች፤ ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መቀየር ይሻላል። ሙከራው ሲያልቅ ቁልፉን ወዲያው ይዝጉ፤ ጫፎቹ ገጥመው ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ቦቢናው ይግላል፣ ሊበላሽም ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ጠንካራ እሳት ይህን ያልፈዋል፤ ያረጀች ፑንቲና የምትሰጠው ደካማ እሳት ግን በጥላሸቱ ሾልኮ ይጠፋል። ክረምት ላይ ደግሞ ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ይገባል፤ በሐምሌ ጠዋት ሌላ ነገር ከመፍታትዎ በፊት ክዳኑን ከውስጥ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

ሶማሌ ተራ ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ፤ በዓይን የሚመሳሰሉ ግን የማይገጥሙ ብዙ ናቸው። አዲሷን በጣትዎ ከፍተው ይዝጓት። ሁለቱ ጫፎች ሙሉ ለሙሉ ፊት ለፊት ካልገጠሙ፣ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ሌላ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።