ባለ ብዙ እርከን መንጋ ምንድን ነው?

ስሜን ተራራ ላይ ጭላዳ የሚባለው ዝንጀሮ በብዙ መቶ ሆኖ አንድ ሜዳ ሞልቶ ሣር ሲነጭ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አለቃቸው የቱ ነው?» ብሎ ነው። የሁሉም አለቃ የሚባል የለም። ያ ሁሉ ጭላዳ ቤት ቤቱን ይዞ የተሰበሰበ ነው፤ ባለ ብዙ እርከን መንጋ የሚባለውም ይኸው ነው።

ትንሹ እርከን «ቤት» ይባል። አንድ ባለ ጎፈር አውራ፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ገደማ ሴቶችና ልጆቻቸው አሉበት። አንዳንዱ ቤት ከአውራው ሌላ ደባል ሆኖ የሚኖር ወንድ አለው። ቤት የሌላቸው ወንዶች ለብቻቸው ተቧድነው በዳር በዳር ይሄዳሉ። አንድ ገደልና አንድ ግጦሽ የሚጋሩ ቤቶች ተደምረው ሁለተኛውን እርከን ይሠራሉ። ሣሩ ሲመች ደግሞ እነዚህም ይደባለቁና መንጋው ከሺህ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህኛው ግን ጊዜያዊ ነው፣ ዛሬ ገጥሞ ነገ ይበተናል።

ይህን ያህል መሰብሰብ የተቻለው በሣሩ ምክንያት ነው። ሣር በየቦታው ስላለ እንደ ፍሬ ዛፍ አንዱ ይዞት ሌላውን አይከለክልም። ጭላዳ ቂጡ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ እየነጨ፣ ሳይነሳ እየተንፏቀቀ ይበላል። ሌሎች ዝንጀሮዎች በቂጣቸው የሚያሳዩትን ምልክት እሱ ደረቱ ላይ ያደረገውም ከዚህ የተነሳ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ያ ቀይ ባዶ ቆዳ ቤት ባለው አውራ ላይ ይበልጥ ይቀላል።

ቤቶቹን ለመለየት ራስ መቁጠር አይጠቅምም። ማን ከማን ጋር እንደሚቃመል፣ አንዷ ስትነሳ እነማን ተከትለው እንደሚነሱ ማየት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎፈሩን አይቶ ቤቱን የአውራው ሲያደርገው ነው። ቤቱ የሴቶቹ ነው። እናት፣ ሴት ልጅ፣ እኅት ሆነው በተወለዱበት ይኖራሉ፤ ወንዱ ነው ከሌላ ቤት የሚመጣው። ሲያስቸግራቸው ተባብረው ያሳድዱታል። አዋሽ ሸለቆ ያለው ሃማድርያስ የሚባለው ዝንጀሮ ከላይ ሲያዩት ተመሳሳይ እርከን አለው፤ እዚያ ግን ቤቱን የሚይዘው ወንዱ ነው፣ የራቀችበትን ሴት አንገቷን ነክሶ ይመልሳል።

የጭላዳ ቤት የሚናጋው አውራ ሲቀየር ነው። ከዳር ከነበሩት ወንዶች አንዱ ገብቶ አውራውን ካሸነፈ፣ የሚጠቡ ግልገሎችን ሊገድል ይችላል፤ የምታጠባ እናት ቶሎ አታረግዝለትምና። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የስሜን ጥናት እንዳሳየው፣ እርጉዝ ከነበሩት 80 በመቶ ያህሉ አውራው በተቀየረ በሳምንታት ውስጥ ጽንሱ ወርዶባቸዋል። የተሸነፈውስ? ብዙ ጊዜ እዚያው ደባል ሆኖ ይቀራል፤ ደረቱ እየገረጣ፣ ከልጆቹ ሳይርቅ።